ከሚስማሩ የጠፉት እግሮች

ኢንስፔክተሯ በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ ይሰረቃል ተብሎ የማይታሰብ ነገር ሲሰረቅ ብዙ አይታለች። በር ከነመቃኑ ተነቅሎ ሲሄድ አይታለች። የቀኝ እጅ ጓንት ብቻ እየመረጠ የሚሰርቅ ሰውም አንድ ጊዜ እጅ ከፍንጅ ይዛለች። እግር ተሰረቀብኝ ብሎ የደወለላት ሰው ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«የምን እግር?» አለች ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዙራ።

«የእንጨት ነዋ! ጥንድ ነው። ከነስሙ ነው የወሰዱብኝ!»

ጫማ ቤቱ ያለው በዚያ ስመ ጥር የገበያ ጎዳና ላይ ነው። ባለሱቆቹ በስሙ አይጠሩትም፤ ዓለም ላይ ሌላ መንገድ የሌለ ይመስል «መንገዱ» ብቻ ይሉታል። ከሩቅ ከተማ የመጣ ሰው ምንም ባይገዛ እንኳ መስኮቶቹን እያየ አንድ ጊዜ ካልተመላለሰበት መጣሁ አይልም። በማግሥቱ መቶ ዓመት ሊሞላው ስለነበር ባለሱቁ ሁሉ አሮጌ ዕቃውን እየወለወለ መስኮቱ ላይ ይደረድራል። ጫማ ቤቱ ሊያሳይ ያሰበው ግድግዳውን ነበር።

ግድግዳው መጀመሪያ ያየውን ሰው ያስደነግጣል። ከወለል እስከ ጣሪያ ሦስት መቶ ጥንድ የእንጨት እግር በየሚስማሩ ተንጠልጥሏል። ጫማ ሰሪዎች ፎርማ ይሉታል። የደንበኛው እግር ይለካና በልኩ እንጨት ይጠረባል፤ ከዚያ በኋላ ጫማው የሚሰፋው በእንጨቱ ላይ ነው። በዚህ ቤት ደንበኛው ቢሞት እንኳ ፎርማው አይጣልም። ዳኛው፣ ዘፋኙ፣ ሙሽራዋ፣ ሁሉም ቁጥር ይዘው እዚያው ናቸው። ባዶ የነበረው ሃምሳ ሁለተኛው ሚስማር ብቻ ነው።

«የማን ነበሩ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የእትዬ ሐር» አለ የጫማ ሰሪው ልጅ። ሱቁን የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ ፀጉሩ መመለጥ ቢጀምርም አባቱ በሕይወት ስላሉ መንገዱ ላይ አሁንም «ልጁ» ነው የሚባለው። በአገጩ ማዶ ያለውን የሐር ጨርቅ ቤት አመለከተ። «ያቻትና ሱቃቸው።»

እትዬ ሐርን የማያውቅ የለም። ሰባ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሁልጊዜ ጠዋት ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ይሄዱበታል። ባለሱቆቹም ሰላም ለማለት ብለው በር ላይ ይወጣሉ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሚወጡት አካሄዳቸውን ለማየት ነው።

«ፎርማቸው የተለየ ነገር ነበረው?»

«ምንም! እንደ መንታ እኩል የሆኑ ንጹሕ እግሮች ናቸው። ትናንት ስማቸውን ጽፌ ያንጠለጠልኩባቸው እኔው ነኝ። ለሁሉም ጽፌያለሁ፤ ነገ በመስኮት ሲታዩ እንዲያምር።» ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን እንደወሰደው ደግሞ አልጠፋኝም። መቆለፊያው አልተሰበረም። ቁልፍ ያለን እኔና ሱቆቹን የምታጸዳው ባለቁልፏ ብቻ ነን። የኔን ተቀብያታለሁ።»

ኢንስፔክተሯ በጓሮ በር ወጣች።

ከሱቆቹ ጀርባ ገዢ የማያየው ሌላ መንገድ አለ። ጠባብ ነው፤ የቆሻሻ በርሜል፣ ባዶ ካርቶን፣ የተሰበረ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ተደርድሮበታል። ጫፉ ላይ አንድ የውሃ ቧንቧ አለ። ባለቁልፏ ባልዲዋን ደፍታ እሱ ላይ ተቀምጣለች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ረጅም፣ የላስቲክ ቦት ያደረገች ሴት ናት። ወገቧ ላይ ትልቅ የቁልፍ ቀለበት አስራለች።

«ዐሥራ አንድ ነበሩ» አለች ቀለበቱን ነካ አድርጋ። «ዐሥር ቀሩኝ።»

«ስንት ዓመት ሠሩ እዚህ?»

«ሃያ። ያን ልጅ በአባቱ ሱቅ የትምህርት ቤት ደብተሩን ይዞ ሲሮጥ አውቀዋለሁ። ዛሬ ቁልፌን ሲቀበለኝ ዓይኔን እንኳ አላየኝም።»

«አንድ ቁልፍ ነው፤ ነገሩ ሲጣራ ይመለሳል።»

ባለቁልፏ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። «ይህን መንገድ አታውቂውም እህቴ። አንዱ ከተቀበለሽ ሌላውም ይቀበልሻል። ለምን እንደሆነ እንኳ አይጠይቅም። እስከ ማታ አንድም አይቀረኝም። ቁልፍ የተቀበሏትን ሴት ደግሞ ሌላ መንገድም አይቀጥራትም።»

አፏን ሳትዘጋ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት በጓሮ በሩ ብቅ አሉ። ነጭ ካፖርታቸውን እያፍተለተሉ፣ «ለጊዜው ነው እንግዲህ… በዓሉ እስኪያልፍ…» አሉ። ባለቁልፏ ቁልፋቸውን ፈታ ሰጠቻቸው። ዘጠኝ ቀሩ።

ኢንስፔክተሯ የጠዋቱን ጉዳይ ጠየቀቻት። ባለቁልፏ እንደ ወትሮዋ ጎህ ሳይቀድ መጥታለች። ጫማ ቤቱን በጓሮ በር ከፍታ ወለሉን አጥባ ለበዓሉ ሲባል ሰም ቀብታዋለች። ሰሙ እንዲደርቅ በሩን ክፍት ትታ ወደሚቀጥለው ሱቅ አለፈች። አሠራሯ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ሦስት አራት ጓሮ ከፍታ እየተመላለሰች ታጥባለች።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«መንገዱ ሁሉ።»

«የሚገባ ሰው አላዩም?»

«ውሃ ልቀዳ ሄጄ ነበር» አለች ባለቁልፏ፤ መወልወያዋን አንስታም መጭመቅ ጀመረች። መወልወያው ደረቅ ነበር።

*

ያልደረቀ ሰም የረገጠውን ሰው ሁሉ ይመዘግባል። ችግሩ ጠዋት ልጁ ሲጮህ ግማሹ መንገድ ጫማ ቤቱን ወሮት መዋሉ ነው። ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ ስትፈልግ ሳይረገጥ የተረፈ ዱካ ያገኘችው ከግድግዳው ሥር ብቻ ነበር። ጫማ ያላደረገ እግር ነው። የቀኙ ከተረከዝ እስከ ጣት ሙሉ ነው። የግራው ግን ጣቶቹ ብቻ ናቸው የታተሙት። ሃምሳ ሁለተኛው ሚስማር ደግሞ ከሷ ራስ ትንሽ ከፍ ይላል።

«የተንጠራራ ሰው ነው» አለች ለራሷ። «አጭር ሰው።»

ባለቁልፏ ግን ረጅም ናት፤ ሳትንጠራራ ነው የምታወርደው።

«ተመልከት!» አለችው ኢንስፔክተሯ ልጁን። «የሷ ዱካ አይደለም።»

«ለሌላ ሰው ከፍታለት ቢሆንስ?» አለ ልጁ። ውሃ የማያነሳ ነገር አልነበረም፤ ኢንስፔክተሯን ያናደዳትም ይኸው ነው። ሌባው ካልተገኘ ባለቁልፏ አትጸዳም።

ከሱቁ ጥግ፣ በጓሮው መስኮት ሥር፣ ሽማግሌው ጫማ ሰሪ በዝቅተኛ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ አይሰፉም፤ ግን ከበርጩማው የሚያነሳቸው ሰው አልተገኘም።

«መቶ ዓመቱ ነው ይላሉ» አሉ ኢንስፔክተሯ አጠገባቸው ስትቆም። «የቆጠሩት መብራት ከገባለት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን አያወሩም። ይህ የቆዳ አልፊዎች መንገድ ነበር ልጄ። ያ ማዶ ያለው ሽቶ ቤት የቆመው ቆዳ በሚዘፈዘፍበት ጉድጓድ ላይ ነው። አባቴ እዚህ ሱቅ ሲከፍት፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚለካው።»

ኢንስፔክተሯ ሳቀች። «ይህንንስ ነገ በመስኮት ያሳዩታል?»

«ሽታ እንዴት ይታያል?» አሉ ሽማግሌውም ፈገግ ብለው።

«አባባ፣ ሃምሳ ሁለተኛውን ማን ይፈልገዋል?»

ፈገግታቸው ጠፋ። «ባለቁልፏ አልወሰደችውም። ለልጄም ነግሬዋለሁ። ሱቁን ከሰጠሁት ወዲህ ግን ጆሮው ለኔ አይሠራም።»

«ስለ እግሮቹ ነው የጠየቅኩዎት።»

«ሰው ከሐኪም የደበቀውን ለጫማ ሰሪ ያሳያል። የደንበኛ እግር አላወራም።» ደግሞም፣ «ልጄ እኩል ናቸው ብሎሽ የለ? የተሰቀሉት እኩል ናቸው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

*

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ባለ አሮጌ ዕቃው ነው፤ ግድግዳውን ሙሉውን ልግዛ ብሎ ሦስት ጊዜ ለምኖ ነበርና። ሰውየው ከሱቁ በር ጋር እኩል ነው፤ ጫማው ደግሞ ጀልባ ያህላል። ነገሩን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ።

«አንድ ጥንድ ጎደለ? ወሽመጤን ቆረጥሽው! ሙሉው ግድግዳ ነበር ዋጋ ያለው። ከሦስት መቶው አንዱን ሰርቄ የምፈልገውን ላበላሽ? የተሰረቅኩትስ እኔ ነኝ!» ከኪሱም ባቡር ውስጥ ማደሩን የሚያሳይ ቲኬት አውጥቶ አሳያት። ኢንስፔክተሯ አጽናንታው ወጣች።

መንገዱ ላይ አጭር ሰው ሲባል ሁሉም ልብስ ሰፊውን ነው የሚያስታውሰው። ከስድሳ አልፈዋል፤ አላገቡም። መቁረጫ ጠረጴዛቸውን የሚደርሱበት በሳጥን ላይ ቆመው ነው።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ተኝቼ። እስከ አንድ ሰዓት ድረስ። ከዚያ ወዲህም ከዚህ አልወጣሁም።»

ጠረጴዛው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ረጅም ቀሚስ ተዘርግቷል። ኢንስፔክተሯ ጫፉን በጣቷ ተከተለችው። በግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ወርዷል።

«ይቺ ቀሚስ ዘማለች ጋሼ።»

ልብስ ሰፊው ቀሚሱን ከእጇ መንጭቀው አጠፉት። «አላለቀችም!»

ከሳጥኑ ሲወርዱ የነጠላ ጫማቸው ሥር አብረቀረቀ። ኢንስፔክተሯ አስወልቃ አሸተተችው። የሰም ሽታ ነው።

«ዛሬ በመንገዱ ላይ ሰም የተቀባ ወለል አንድ ብቻ ነው» አለች።

ልብስ ሰፊው ነጠላ ጫማውን ከእጇ ተቀበሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ገብቻለሁ» አሉ። «ልወስዳቸው ነበር የገባሁት። ስደርስ ሚስማሩ ባዶ ነበር።»

«የእትዬ ሐርን እግር ምን ሊያደርጉላቸው?»

ልብስ ሰፊው የታጠፈውን ቀሚስ እንደገና አጠፉት።

«ይወዷቸዋል?»

የልብስ ሰፊው ፊት በርበሬ መሰለ። ከዚያ ግን ትከሻቸው ወረደና ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። «አዎ! እወዳቸዋለሁ። እሱን ይጻፉት።»

ኢንስፔክተሯ የሚጽፈውን እጇን ገታችው። ፍቅሩ ሲጋለጥበት እፎይ ያለ ሰው አይታ አታውቅም። ሰው እንዲህ እፎይ የሚለው ከዚያ የሚብስ ነገር ሲሸፈንለት ነው።

«ባለቁልፏ ግን ቁልፎቿን እየተቀማች ነው» አለች። «ስመጣ አምስት ቀርተዋት ነበር።»

ሰውየው ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። «አምስት? እንግዲያው… እንግዲያው እኔ ነኝ የወሰድኩት። ይጻፉ።»

«የት አሉ ታዲያ?»

«ጣልኳቸው።»

«የት?»

«ወንዝ ውስጥ።»

«ጋሼ፣ እዚህ ከተማ ወንዝ አለ እንዴ?»

«ምድጃ ለማለት ነው…» አሉ ልብስ ሰፊው፤ ዓይናቸው ሱቁ ውስጥ ምድጃ ፈለገ። እሱም አልነበረም።

*

ወደ ጫማ ቤቱ ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በጓሮ በር ልትገባ ስትል እግሯ ካርቶን ላይ አረፈ። ጠዋት አልፋበታለች፤ ያኔ ወለሉ እንዳይቆሽሽ የተነጠፈ መስሏት ነበር። አሁን ግን ቆመች። ሰም የተቀባው ወለል ሁሉ ባዶውን ተትቶ ይህቺ የበር አፍ ብቻ ለምን ካርቶን ለበሰች?

አነሳችው።

ካርቶኑ ሥር ሦስት እርምጃ ጥርት ብሎ ታትሟል፤ ወደ ውጪ የሚሄድ ነው። ቀኙ ሙሉ። ግራው ጣት ብቻ። እንደገና ቀኙ ሙሉ። በር ላይ የሚንጠራሩበት ሚስማር የለም። ይህ ሰው ሲገባም ሲወጣም በግራ እግሩ ጣቶች ነው የሚረግጠው፤ ምክንያቱም ተረከዙ መሬት አይደርስም።

አንድ እግር አጭር ነው። ልብስ ሰፊው በግራ በኩል ሁለት ጣት ያወረዱት ቀሚስ ታወሳት፤ በዚያ በኩል ያለውን ወፍራም የጫማ ሶል የሚሸፍን ቀሚስ።

ካርቶኑን እንደያዘች ወደ ቧንቧው ሄደች። በባለቁልፏ ቀለበት ላይ ሁለት ቁልፍ ነው የቀረው።

«የማንና የማን ናቸው?»

«የልብስ ሰፊውና የእትዬ ሐር» አለች ባለቁልፏ። «እነሱ አልጠየቁኝም።»

«ካርቶኑን ለምን እዚያ አነጠፉት?»

«ሰሙ እንዳይረገጥ።»

«ዱካው ከታተመ በኋላ ነው የተነጠፈው። ዱካውን አይተውታል። የማን እንደሆነም ያውቃሉ።»

ባለቁልፏ ካርቶኑን ከእጇ ወስዳ አጠፈችው። ኢንስፔክተሯ ጮኸች። «ሥራዎ እኮ ነው የሚሄደው! ሃያ ዓመት! አንድ ቃል ብትናገሪ…» ድንገት ማክበሩንም ረሳችው።

«የሰው ቤት የሚያጸዳ ሰው ብዙ ነገር ያነሳል እህቴ» አለች ባለቁልፏ። «የእትዬን ጫማ በየሳምንቱ አነሳለሁ። የግራው ይከብዳል። ለምን ይከብዳል ብዬ ለማንም አላወራሁም፤ ዛሬም አላወራም። የሚያወራው ባለቤቱ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሐር ቤቱ ሄደች።

*

የሐር ቤቱ መዝጊያ ወርዷል፤ «ዛሬ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ኢንስፔክተሯ በጎን ባለው ደረጃ ወጥታ አንኳኳች። በሩ አልተቆለፈም። እትዬ ሐር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋ ሻሽ መሀል ጥንዱ የእንጨት እግር አለ።

«ግቢ» አሉ። «ቶሎ ትመጪያለሽ ብዬ ነበር። ዘገየሽ።»

«አጭር ሰው እየፈለግኩ ነበር።»

እትዬ ሐር ሊስቁ ሞከሩ። «ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ታምሜ ግራ እግሬ ማደግ አቆመ። አባቴ ሞቶ ሱቁን ስረከብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዘመዶቼ አንዱ ‹እያነከሰች ሐር ትሸጣለች?› ሲል ሰማሁት። ወደ ጫማ ሰሪው ሄድኩ። አንድ ቃል ሳይጠይቀኝ ለካኝና፣ ውስጡ ሶል የተደበቀበት ጫማ ሠራልኝ። ‹ከእኔና ካንቺ በቀር ማንም አያውቅም› አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱን ጠዋት ጠዋት ሄድኩበት።»

«ትናንት ደግሞ ፎርማው በስምዎ በመስኮት ሊታይ እንደሆነ ሰሙ።»

«ልጁን ልለምነው? ለምን ሲለኝ ምን እላለሁ? ጎህ ሲቀድ በባዶ እግሬ ሄድኩ። በጨለማ በቁጥሩ ዳብሼ አወረድኩ፣ በሻሽ ጠቀለልኩ። አላየኋቸውም፤ ድሮም አፍሬ ወደ ግድግዳው ቀና ብዬ አላውቅም። ቤት ገብቼ ፈታሁት።» እጃቸውን ዘርግተው እንጨቶቹን ጎን ለጎን አስተካከሉ። «ተመልከቻቸው። እኩል ናቸው። እኔ እኩል እግር ኖሮኝ አያውቅም።»

ኢንስፔክተሯ የሽማግሌውን ቃል አስታወሰች፤ የተሰቀሉት እኩል ናቸው።

«ሌላ ጠርቦ ነው የሰቀለልኝ» አሉ እትዬ ሐር፤ እንባቸው ወረደ። «እውነተኛውን ደብቆ፣ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው የሚያየው ግድግዳ ላይ ደህና እግር ሰቅሎልኝ ኖሯል። ለኔ እንኳ አልነገረኝም። የሰረቅኩት ቀድሞውንም የተጠበቀልኝን ምስጢር ነው።»

ኢንስፔክተሯ ተቀመጠች። ሥራ ላይ መቀመጥ አትወድም፤ አሁን ግን ተቀመጠች። «ልጅ ሆኜ እሑድ እሑድ እናቴ መስኮቶቹን ልታሳየኝ ታመጣኝ ነበር» አለች። «የመግዣ ገንዘብ አልነበረንም። እርስዎን ስታይ ‹ቀጥ ብለሽ ሂጂ፣ እንደዚያች ሴትዮ› ትለኝ ነበር።»

«ምስኪን!» አሉ እትዬ ሐር፤ በእንባቸው መሀል ሳቃቸው መጣ። «የጫማ ሰሪ ሥራ ነው ያሳየችሽ።»

«ባለቁልፏ ዛሬ ዐሥራ አንድ ቁልፍ ይዛ መጥታ ሁለት ቀርተዋታል፣ እትዬ።»

ሳቃቸው ተቆረጠ። «ሰምቻለሁ። ሦስት ጊዜ ልወርድ ጫማዬን አሰርኩ። ሦስት ጊዜ ፈታሁት።»

«ዱካዎን አይታዋለች። የእርስዎ መሆኑን አውቃ ካርቶን አልብሳዋለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም።»

እትዬ ሐር እንጨቶቹን በሻሹ መልሰው ጠቀለሉ። ከዚያ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ተነሡና ጫማቸውን አራተኛ ጊዜ አሰሩ።

*

ጫማ ቤቱ ውስጥ ልጁ፣ ሽማግሌው፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትና ልብስ ሰፊው ነበሩ። በሩ ላይ ደግሞ የሰባት ሱቅ ሰው ተኮልኩሏል። እትዬ ሐር እንጨቶቹን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«የወሰድኩት እኔ ነኝ። ለባለቁልፏ ቁልፏን መልሱላት።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ ሰው የራሱን ፎርማ ለምን ይሰርቃል? አዝነውላት እንደሆነ ገብቶኛል። ደግነትዎን ሁላችንም እናውቃለን።»

«ሰማችሁ?» አለ አንዱ ከበሩ። «እየሸፈኑላት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ልትናገር አፏን ስትከፍት እትዬ ሐር በእጃቸው አስቆሟት። ደንበኛ የሚለካበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጎንበስ ብለው የቀኙን ፈቱ፣ የግራውን ፈቱ። የግራው ወለሉን ሲነካ ከብዶ ተሰማ። ከዚያ በባዶ እግራቸው ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ቀኝ ሙሉ፣ ግራ ጣት ብቻ። ትከሻቸው በየእርምጃው ወደ ግራ ይወርዳል። ደርሰው ዞረው ተመለሱ።

ያን ጊዜ ኢንስፔክተሯ ያየችው የሴትዮዋን እግር አልነበረም፤ የሰዉን ዓይን ነው። ልብስ ሰፊው ጣሪያውን ይመረምራሉ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የካፖርታቸውን ቁልፍ ይቆጥራሉ። በር ላይ ያሉትም አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ የእጅ ሰዓቱን ያያል። የደነገጠ ሰው የለም። ሁሉም ላለማየት የለመደ ሰው ፊት ነው የነበራቸው።

እትዬ ሐርም አስተዋሉ። «ታውቁ ነበር?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

ልብስ ሰፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ብቻ የማውቅ ነበር የመሰለኝ… ጫፉን ሁለት ጣት ሳወርደው።»

«እኔስ?» አሉ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት። «የወገብ ማስታገሻውን ለሠላሳ ዓመት የሰጠሁት እኔ አይደለሁም? ለሚስቴ እንኳ አልተናገርኩም።»

«ባንኮኒያቸው ጀርባ ያለውን ወለል በግራ በኩል ከፍ ያደረገው አባቴ ነው» አለ ከበሩ አንዱ አናጺ። «ሲሞት ምስጢሩን ለኔ ነው የነገረኝ።»

«ታዲያ እኔ አርባ ሰባት ዓመት የተደበቅኩት ከማን ነው?» አሉ እትዬ ሐር።

መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ቢፈትሹ ያላወቀ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱም የጫማ ሰሪው ልጅ ነው፤ አፉን ከፍቶ አባቱን ያያል። አባትየው ከበርጩማቸው ሥር የቆዳ ከረጢት ስበው ያልተመጣጠነ ጥንድ ፎርማ አወጡ። እትዬ ሐር ተቀበሏቸውና ራሳቸው በሃምሳ ሁለተኛው ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ ለመድረስ መንጠራራት ነበረባቸው። ስማቸው የተጻፈበትንም ወረቀት አሰሩበት።

ከዚያ ጫማቸውን እዚያው ወንበሩ ሥር ትተው ወጡ። እያነከሱ በመንገዱ መሀል ከሱቅ ሱቅ ሄዱ፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው። ከስምንት ሱቅ ስምንት ቁልፍ ለቀሙ።

ባለቁልፏ ከባልዲዋ ላይ አልተነሣችም። እትዬ ሐር ፊቷ ሲቆሙ መጀመሪያ ያየችው ባዶ እግራቸውን ነው።

«ይቅር በይኝ» አሉ።

«ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩዎት እትዬ» አለች ባለቁልፏ። ድምፏ ውስጥ ቅሬታው አልተደበቀም። «ይመጣሉ እያልኩ፣ በያንዳንዱ ቁልፍ ልቤ ቁርጥ እያለ። ደግሞም መጡ። በሉ ይቀመጡ፣ ሲሚንቶው ይበርዳል።» ተነሥታም ባልዲዋን ለቀቀችላቸው።

ስምንቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ወደ ቀለበቷ መለሰች። ልጁ ዘጠነኛውን በሁለት እጁ ዘረጋ። ባለቁልፏ አየችው፤ አልተቀበለችውም።

«እሱን አንተ ያዘው። ነገ ጎህ ሳይቀድ ናና ክፈትልኝ። እኔ አጸዳለሁ፣ አንተ ቆመህ ትጠብቀኛለህ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪወጣልኝ።»

ኢንስፔክተሯ መዝገቡ ላይ «ዕቃው በባለቤቱ እጅ ተገኝቷል» ብላ ጽፋ ዘጋችው። ለልጁ ግን አልተዘጋለትም። በዓሉ አልፎ፣ ብርዱ መጥቶ፣ ብርዱም እስኪሄድ ድረስ እያዛጋ ከፈተላት። በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት በሩን ከፍቶ ወደ ጎን ሲልላት፣ ባለቁልፏ ለቁልፉ መዳፏን ዘረጋችለት።